ከለቅሶው በፊት

በሰፈራችን ለቅሶ የሐዘን ስም ነው። በማዋለጃ ክፍል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው ለቅሶን ነው። የሚያስፈራው ዝምታው ነው።

የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት በነበርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ አንድ ሌሊት በቀዶ ጥገና ለሚወለድ ሕፃን ተጠራሁ። ሕፃኗ ሳታለቅስ ወጣች። በጨርቅ አደረቅኋት፤ ጀርባዋን አሻሸሁ፤ አልተነፈሰችም። አምቡ ባጉን አንስቼ ስጫነው አየሩ በተሰነጠቀ ጎኑ ሾለከ፤ ደረቷ ንቅንቅ አላለም። አንዲት አንጋፋ ሲስተር ሮጠው ከሌላ ክፍል ደህናውን አመጡልኝ። ሕፃኗ ዘግይታ አለቀሰች። እነዚያ ሰከንዶች ከእርሷ ምን እንደወሰዱባት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲስተር አልተቆጡኝም። «ዶክተር ልጄ፣ ሁልጊዜ አስቀድመህ በመዳፍህ ሞክረው» አሉኝ እንጂ።

ከመቶ ሕፃናት አሥሩ ያህል መተንፈስ ለመጀመር እርዳታ ይሻሉ። ብዙዎቹን ማድረቅና ማነቃቃት ይበቃቸዋል። ላልበቃቸው ግን በተወለዱ በ60 ሰከንድ ውስጥ አየር ወደ ሳንባቸው መግባት አለበት። «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምንላት ይህች ናት። በእርሷ ውስጥ ዕቃ መፈለጊያ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ሬዚደንቶችን ሳሠለጥን የምጀምረው ከአሻንጉሊቱ አይደለም። መጀመሪያ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ፤ እርግዝናው ስንት ሳምንት ሆነው? የእንሽርት ውሃው ንጹሕ ነው? ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለ? እትብቱስ መቼ ይቆረጣል? ቀጥሎ ማሞቂያው፣ ደረቁ ጨርቅ፣ መምጠጫው፣ በልኩ የሆነ ጭምብል። በመጨረሻ ጭምብሉን በመዳፍ ገጥሞ ባጉን መጫን፤ ግፊቱ መዳፍ ላይ ካልተሰማ ባጉ ይቀየራል።

አንዳንዴ ሆን ብዬ የተሰነጠቀ ባግ ከዕቃዎቹ መካከል እደብቃለሁ። አንድ ወጣት ሐኪም ሳያየው አልፎ፣ በአሻንጉሊቱ ፊት ሲደናገጥ፣ «ይህ እኮ ማታለል ነው» አለኝ። «አዎ፤ እዚህ ቢያታልልህ ይሻላል» አልኩት።

ከሳምንታት በኋላ በተረኝነቱ ሌሊት አገኘሁት። የማዋለጃ ክፍሉን ባግ ሞክሮ፣ አየር ሲያሾልክ አግኝቶት አስቀይሮታል። ከዚያም ሕፃኑ እንደወጣ አለቀሰ፤ አዲሱ ባግ ሳይነካ ቀረ።

«በከንቱ ደከምኩ» አለ እየሳቀ።

እኔ ግን የአንጋፋዋን ሲስተር ድምፅ እየሰማሁ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።