ረዳቱ

የአጎቴ ልጅ ከጀርመን በላከልኝ ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ግራጫ ፖርሽ በባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ትታያለች። ሜዳው በዝናብ ርሷል። መኪናዋ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ኋላዋ ፊቷን ሊቀድም የቸኮለ ይመስል ዞረ፤ ከዚያም እንደ እንዝርት ሁለት ጊዜ ተሽከርክራ ፊቷን ወደ መጣችበት መልሳ ቆመች። ከውስጥ የእርሱ ሳቅ ይሰማል። ከቪዲዮው በታች «ኤሌክትሮኒኩን አጥፍቼው ነው፤ ገና ዛሬ ሹፌር ሆንኩ» ብሎ ጽፎልኛል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ ማታ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ፤ ሁለቱም አይበረክቱልኝም። ስለዚህ ስለ መኪና ከእኔ መስማት የሚገርመው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሰበቡ አባቴ ነው። አባቴ ሹፌር ነበር።

ቪዲዮውን በመካነ ሰላም ቤታችን በረንዳ ላይ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አየው። አባቴ ፖርሽ የሚባል መኪና በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። «ይቺ ነገር ሸክሟ ከኋላ ነው?» አለኝ። በእርግጥም የዚያች መኪና ሞተር የተቀመጠው ከኋላ ጎማዎቿም በስተኋላ ነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «መታጠፊያው መሐል ላይ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ድንገት አነሣ። ፊቷ ሲከብድ ኋላዋ ቀለለ፤ የቀለለ ኋላ ደግሞ ይከዳል» አለ። ማታ ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ጠየቅኩት። ልክ እንደዚያ ነበር ያደረገው።

«ያጠፋውስ ምንድን ነው?» አለኝ አባቴ በማግሥቱ። ከአጎቴ ልጅ የሰማሁትንና ራሴም ያነበብኩትን እንደሚሆን አድርጌ ነገርኩት። በመሪው ዘንግ ላይ ሹፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ የሚያነብ መለኪያ አለ። በመኪናዋ ወገብ ላይ ደግሞ አካሏ በእውነት ወዴት እየዞረ እንደሆነ የሚለይ ሌላ መለኪያ አለ፤ በአራቱም ጎማዎች የየጎማውን ፍጥነት የሚቆጥሩ አሉ። ኮምፒዩተሩ ፈቃዱንና ሆኖ የተገኘውን በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ያስተያያል። ያልተስማሙ እንደሆነ ሹፌሩን ሳያስፈቅድ ከአራቱ ጎማዎች አንዱን ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ኋላ ሲከዳ የውጭውን የፊት ጎማ፣ ፊት ሲከዳ የውስጡን የኋላ ጎማ።

«አንድ ጎማ ብቻ?»

«አንድ ጎማ ብቻ።»

«እኔ ያለኝ አንድ ፔዳል ነው» አለ አባቴ ቀኝ እግሩን እያየ። «እርሱን ስረግጥ ሁሉም ጎማ ይያዛል። ይህን የሚችል ሹፌር የለም።» ከዚያም የሰማውን በገዛ ቋንቋው ተረጐመው፤ «ረዳት ነው በለኛ።»

በጭነት መኪና ዘመን ያላደገ አንባቢ ይህን ቃል ላያጣጥመው ይችላል። ረዳት ማለት ዛሬ በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራው ልጅ ብቻ አልነበረም። ዳገት ላይ መኪናው ሲንገራገጭ ታኮ ይዞ የሚዘል፣ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል እንጨቱን ከጎማው ሥር የሚወሽቅ፣ ሹፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ የማያየውን ገደል በሹፌሩ ፈንታ የሚያይ ነው። ሌሊት ሹፌሩ ሲተኛ እርሱ ጭነቱን ይጠብቃል።

ይህ የኤሌክትሮኒክ ረዳት ወደ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ቦሽ ሠርቶት መርሰዲስ ቤንዝ በትልልቅ መኪኖቹ ላይ አዋለው። የታወቀው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በውርደት ነው። በ1997 የስዊድን ጋዜጠኞች አዲሷን ትንሽ መርሰዲስ፣ ኤ ክላስን፣ ድንገት መንገድ ላይ ለወጣ አጋዘን እንደሚያመልጥ ሰው ወዲያና ወዲህ ቢጠመዝዟት ተገለበጠች። (የእነርሱ አጋዘን የእኛ አህያ መሆኑ ነው፤ የእኛዋ እንኳ አትሮጥም፣ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ታስባለች።) ኩባንያው የተሸጡትን ሰብስቦ ያን ረዳት በሁሉም ላይ ገጠመ። የቅንጦት ዕቃ የነበረው በዚያ ምክንያት ወደ ተራ ሰው መኪና ወረደ። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም ቀላል ተሽከርካሪ ላይ ግዴታ አደረገችው፤ አውሮፓም በ2014 ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ እንዲሁ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሕጉን ሲያወጣ ባሰላው መሠረት ሌላ መኪና ሳይነካቸው በራሳቸው ከሚደርሱ አደጋዎች በቤት አውቶሞቢሎች 34 ከመቶ፣ ቁመታቸው ከፍ ባሉት ደግሞ 59 ከመቶ ይቀንሳል። ለአንድ ቁልፍ ይህ ብዙ ነው።

ታዲያ ፈጣን መኪና የሚወዱ ሰዎች ለምን ያጠፉታል? የአጎቴ ልጅ መልስ ቅኔ የሚዘርፍ ሰው መልስ ይመስላል። «በእርሱ ስሄድ ጎበዙ እኔ ልሁን መኪናዋ አላውቅም» ይላል። በዚህ ስሜት የተሠሩ መኪኖች ነበሩ። የ1987ቱ ፌራሪ ኤፍ 40 እና የ1990ዎቹ ማክላረን ኤፍ 1 ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን እንኳ አልነበራቸውም። ፎርሙላ ዋንም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የጎማ መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ኤሌክትሮኒክ ከልክሏል፤ እሽቅድምድሙ የሰው እንዲሆን። ፖርሽም ካሬራ ጂቲን ባለ 10 ሲሊንደር፣ ከ600 የፈረስ ጉልበት በላይ ያላት አድርጎ ሲሠራ ይህን ረዳት አላኖረባትም። ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ የሞተው በዚያች ዓይነት መኪና ውስጥ ተሳፍሮ፣ ወዳጁ እየነዳ ነው። መርማሪዎች ጥፋቱን በፍጥነቱ ላይ አደረጉ፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት መንገድ ከ129 እስከ 150 ይሄዱ ነበር። ጎማዎቹም ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። የእኛ ከተማ ልጆች በቪዲዮ ቤት የእርሱን ፊልም ሲያዩ ያደጉ ናቸውና ያን ሰሞን ብዙዎች አዝነው ነበር፤ እኔም አዝኛለሁ።

ፌራሪ በኋላ የፈጠረው ደግሞ ከሁሉም ይደንቀኛል። በ2013 በወጣችው 458 ስፔቻሌ ላይ የተገጠመው ሥርዓት መንሸራተቱን አይከለክልም፤ በልኩ ይፈቅዳል። የመኪናዋን ኋላ ጥቂት ለቀቅ ያደርግና ነጂው መሪውን እየመለሰ የተቆጣጠራት መስሎ እንዲሰማው፣ በውስጥ ግን ልኩን የሚጠብቅ ነው። ግጥምህን ቤት እያስመታልህ «አንተ እኮ ነህ የጻፍከው» የሚል ወዳጅ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ወዳጅ አልወድም። የአጎቴ ልጅ ግን ገንዘብ ቢኖረው ነገውኑ ይገዛታል።

በእኛም ሥራ ይህ አለ። ብር መቁጠሪያ ማሽን ሳይገባ የሠሩ አንድ አለቃ ነበሩኝ፤ ሐሰተኛ ብር በጣታቸው ያውቁ ነበር። ማሽኑ ከእርሳቸው ይፈጥናል፣ አይደክምም፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ አይጥለውም። እኔ ግን ማሽኑ በቆመ ቀን ጣቴ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ።

የአጎቴ ልጅ በ2011 ዓ.ም. ለእንቁጣጣሽ መጣ። ከደሴ ራቭ ፎር ተከራይቶ፣ የጉጉፍቱን ጉም አቋርጦ፣ በአቀስታ በኩል ዘልቆ እኛ ዘንድ ሲደርስ ፊቱ ነጥቶ ነበር፤ በጉሙ ውስጥ አንዱም ኤሌክትሮኒክ መንገዱን አላሳየውም። አባቴም ወዲያው ሥራ ሰጠው። «ነገ አንድ ቦታ ታደርሰኛለህ» አለው።

ቦታውን አውቀዋለሁ። አባቴ በየዓመቱ መስከረም ላይ ቡና፣ ስኳርና አንድ ነጠላ ይዞ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘነብለው አገር ወዳሉ አንዲት አሮጊት ይሄድ ነበር። በበቅሎ ሄዷል፣ በእግሩ ሄዷል። የሥጋ ዘመዳችን ይመስሉኝ ነበር።

መንገዱ ክረምቱን ሙሉ የጠጣ ዋልካ ነበር። አንድ ጥምዝ ላይ የመኪናው ኋላ ሸርተት አለና ወዲያው ተመለሰ፤ ከመሪው በስተኋላ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ብላ ጠፋች። የአጎቴ ልጅ ወሬውን አላቋረጠም። ከፊት የተቀመጠው አባቴ ግን እጁን በጉልበቱ ላይ አጥብቆ፣ «አሁን ረዳትህ ዘለለ» አለው። «የቱ? ምን ሆነ?» አለ ልጁ። አባቴ መልስ አልሰጠም።

ዳገቱ ላይ ያው ረዳት ጣጣ ሆነብን። ጎማዎቹ በጭቃው ውስጥ ሲሽከረከሩ ኮምፒዩተሩ ይህ መንሸራተት ነው ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይነሣል፤ ጉልበት ሲነሣ መኪናው ይቆማል፤ ሲቆም ይሰምጣል። ሦስት ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ የተንሸራታች መኪና ምስል ያለባትን ቁልፍ ተጭኖ አጠፋው። አባቴ «መሪውን አትታገለው፤ ነዳጁን ሳትጨምር ሳትቀንስ ያዘው፤ ጎማው ጭቃውን ይትፋ» እያለ እንደ መሪጌታ ዜማውን እየመራ፣ እኔም ከኋላ ወርጄ በጭቃ እየተለበጥኩ እየገፋሁ ወጣን። የአጎቴ ልጅ በደስታ መሪውን መታው። «አየህ ጋሼ? ሲጠፋ ነው ሰው የሚነዳው!»

ከዳገቱ ጫፍ ቁልቁል የአሮጊቷ መንደር ይታያል። መውረጃው ቀጭን ነው፤ በስተግራው ገደል። አባቴ «አቁም» አለው። ሞተሩ ጠፋ። አደይ አበባው እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ቢጫ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ባዶ ኤንትሬ ነው። ከነተሳቢው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን እየወረድክ ነው እንበል። ዝናብ አለ። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስትረግጥ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ተከለበሰ። ያ ያንተ ነገር ቢኖርበት ኖሮ ያተርፈው ነበር?»

የአጎቴ ልጅ በመጽሐፍ እንደሚመልስ ተማሪ መለሰ። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል ይሠራ ነበር፣ የፊቱን የውጭ ጎማ ይይዝለት ነበር፣ ምናልባት ያተርፈው ነበር አለ። ከዚያ ግን፣ «እንደ ፍጥነቱ ነው፤ ጎማው መሬቱን ከሚይዝበት ልክ ካለፈ ማንም አያተርፈውም። በስንት እየሄደ ነበር? በስንተኛ ማርሽ?» ብሎ ጠየቀው።

አባቴ ወደ መንደሩ እያየ ቆየ።

«በፎሌ» አለ።

ይህን ቃል ለማያውቅ አንባቢ፣ በፎሌ መልቀቅ ማለት ማርሹን ነፃ አድርጎ መኪናውን በቁልቁለቱ ብቻ ማስኬድ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል። ሞተሩ ግን መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ ሁሉም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ አባቴ ከአሰብ የእርዳታ ስንዴ ወደ ወሎ ያመላልስ ነበር። ስንዴውን ደሴ አራግፎ ወደ አሰብ ሲመለስ ሐረጎ ላይ ተገለበጠ። እርሱ በደረቱ ላይ ጠባሳ ይዞ ተረፈ። በቤታችን የሚነገረው «ፍሬን እምቢ ብሎት» ተብሎ ነው። ለትራፊክም የተነገረው፣ ለንስሓ አባቱም ሳይነገር አልቀረም፣ ይኸው ነበር። ረዳቱ የ16 ዓመት ልጅ እንደነበረ አውቅ ነበር። የዚህ አገር ልጅ መሆኑን፣ ከታች ጭስ የሚወጣበት ያ ቤት የእናቱ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«ታኮውን ይዞ ሊዘል በሩን ከፍቶ ነበር» አለ አባቴ። «የሚሮጥ መኪና በታኮ ይቆም ይመስል። እኔ ሳልጠራው።»

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ አሮጊቷም ከእርሱ ቀድመው አርፈዋል። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት ለዚህ ነው። ነግሯቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ቤታቸው ስንደርስ እኔንና የአጎቴን ልጅ ከውጭ ትቶን ብቻውን ገባ፤ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ አልወጣም።

ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ከጫፉ ላይ ሳለን፣ የአጎቴ ልጅ ሞተሩን ሲያስነሣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመስታወቱ እኔን አየኝ፤ እኔም የምለው አልነበረኝም። ማርሹን አስገባ። አባቴ ቀበቶውን አጠበቀና በጣቱ ወደዚያች ቁልፍ ጠቆመው።

«ረዳቱን መልሰው» አለው። «አንተም በዝግታ ውረድ።»