ከኢንቹ በፊት ግድግዳው

እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ባሕር ዛፉም ተቆርጦ ሲሸጥ፣ በመራዊና በዙሪያዋ አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል። «55 ኢንች ይሻላል ወይስ 43?» በቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች አምርቶ እጁ ላይ ገንዘብ የገባለት ገበሬ ይጠይቀኛል። ጥር ላይ ጎጆ የሚወጣ ሙሽራ ይጠይቀኛል። ከሁሉ የሚበዙት ግን ከጅዳ፣ ከቤሩትና ከዱባይ በኢሞ የሚደውሉልኝ እህቶቻችን ናቸው። «ለእማዬ ትልቁን ነው የምፈልገው፣ ከሁሉም ትልቁን» ይላሉ። አንዷ ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ለእናቷ ቤት ስትልክ፣ ትልቅ መሻቷ ለታይታ ብቻ አይመስለኝም። በሌለችበት ቤት ውስጥ እሷን የሚያስታውስ ነገር እንዲኖር ትፈልጋለች።

ለሁሉም የምመልሰው ግን አንድ ነው፦ ኢንቹን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ግድግዳውን ንገሩኝ። ቲቪው በየትኛው ግድግዳ በኩል ሊቀመጥ ነው? ትይዩ ያለው መደብ ነው ሶፋ? በሩ በየት በኩል ይከፈታል? ቡናው የት ይፈላል? እነዚህን መልሶ ወደ ሱቅ የሄደ ሰው ኢንቹን ለመምረጥ ብዙም አይቸገርም።

ትልቅ ቲቪ መፈለግ ነውር አይደለም። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ሥራ ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ለረጅም ዘመን የጥቂቶች ንብረት ሆኖ ስለቆየ፣ ባለቲቪው ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነበር። ልጆች ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ይገባሉ፣ መሬት ላይ ይደረደራሉ፣ የቤቱ እመቤት ዳንቴሉን ከቲቪው ላይ ገልጣ ትከፍታለች። ዛሬም በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሴው ሲተላለፍ፣ ወይም ትልቅ ጨዋታ ሲኖር፣ ቤታችን የሚገባው ሰው ከቤተሰቡ ቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ ቲቪ ስንመርጥ የምንመርጠው ሶፋ ላይ ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች አይደለም፤ ቤቱ ለሚይዘው ሰው ሁሉ ነው። ብዙው ምክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ከርቀቱ እንጀምር። ኢንች የሚባለው ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ሰያፍ የሚለካው ነው፤ አንዱ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። 43 ኢንች በወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር፣ 55 ኢንች 122፣ 65 ኢንች ደግሞ 144 ይሆናል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በዚህ ልክ ጋዜጣ ወይም ካርቶን ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉትና አንድ ምሽት አብራችሁት እደሩ። ለዓይን ምቾት የሚሆነው ርቀት ለ43 ኢንች ከ1.75 ሜትር፣ ለ55 ከ2.2 ሜትር፣ ለ65 ከ2.6 ሜትር አካባቢ ይጀምራል። የከተማ ሰው ርቀቱ ካልተስማማው ሶፋውን ይስባል። የእኛ አገር መደብ ግን ከግድግዳው ጋር በጭቃ የተሠራ ነውና አይሳብም፤ ቲቪው ነው ለመደቡ የሚታዘዘው። በአብዛኛው የአካባቢያችን ቤት ከመደቡ እስከ ትይዩው ግድግዳ 3 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚህ ስሌት 55 ይበዛል አይባልም።

ታዲያ ለምን ብዙ ሰው 55 ገዝቶ «አሮጌው ይሻል ነበር፣ ይሄኛው ያደበዝዛል» እያለ ያማርራል? ቅሬታው እውነት ነው፣ ጥፋቱ ግን የቲቪው አይደለም። ምስል የሚሠራው ከትናንሽ ነጥቦች ነው። 4ኬ የሚባለው ቲቪ በወርዱ 3,840 ነጥብ አለው። ኤስዲ የሚባለው የቆየው የስርጭት ዓይነት ግን በወርዱ የሚልክልን 720 ብቻ ነው። ያችን 720 ነጥብ 122 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንዘረጋት እያንዳንዷ ወደ 1.7 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች፤ ጤነኛ ዓይን ደግሞ ይህን ለመለየት አይቸገርም፣ እንዲጠፋለት ወደ 6 ሜትር መራቅ አለበት። ያው ስርጭት በ32 ኢንች ላይ ከሆነ 3 ሜትር ተኩል ይበቃዋል። ከጀርባው ያበጠው አሮጌ ቲቪ «ጥራት ነበረው» የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ጉድለቱን በትንሽነቱ ደብቆት ነበር።

አንድ ቤት ገብቼ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። አዲስ 55 ኢንች ቡፌው ላይ ቆሟል፤ ሪሲቨሩ ግን ያው የድሮው ነው፣ ከቲቪው ጋር የተገናኘውም በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ገመድ ነው። ጣቢያው በኤችዲ እያሰራጨ ነበር፤ ቢጫዋ ገመድ ግን ኤችዲ ማሳለፍ አትችልም። የመጣው ጥራት ሁሉ ገመዷ ጋ ሲደርስ ይቀራል። አንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ገዝተን፣ ማውጫ ያለው ሪሲቨር ከጎረቤት ተውሰን ብንሰካው፣ የዜና አንባቢዋ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ክሩ ሳይቀር ታየ። እናትየዋ ከመደቡ ተነሥተው መጥተው ጥለቱን በጣታቸው ነኩት። ስለዚህ ወጪ ስትደለድሉ ከኢንቹ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ለሪሲቨሩና ለገመዱ አስቀሩ። ሪሲቨር በውስጡ ያለው ቲቪ ካገኛችሁ ደግሞ የሳህኑን ገመድ በቀጥታ ይቀበላል፤ በካርቶኑ ላይ «ኤስ2» የሚል ምልክት መኖሩን እዩ። ሳህኑ ራሱ ወዴት እንደዞረም አረጋግጡ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ከሄዱ ወዲህ ወደ ምዕራብ ያዘነበለው የናይልሳት ሳህን ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት፤ ሳይዞር የቀረ ግን አሁንም አያለሁ።

ሌላው በሱቅ የማይነገረው የጎን ዕይታ ነው። መደብ ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ሁሉ መካከል አይደርሰውም፤ አንዱ ጥግ ላይ፣ አንዱ በርጩማ ላይ፣ ልጆች ከሥር ናቸው። አንዳንዱ ቲቪ ከፊት ሲያዩት ያማረ፣ ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ የነጣ ነው፤ የሰው ፊት አመድ ይመስላል። አይፒኤስ የሚባለው የመስታወት ዓይነት ከጎን ሲያዩት ቀለሙን ይጠብቃል፣ ቪኤ የሚባለው ጥቁሩን አጥቁሮ ያሳያል እንጂ ከጎን ይከዳል። ሻጩ ዓይነቱን ላያውቅ ይችላል። እናንተ ግን ወደ ሱቁ ጥግ ሄዳችሁ ከዚያ እዩት፤ ከዚያም ቁጢጥ ብላችሁ ከታች እዩት። ሱቅ ውስጥ የሚዞረው አበባና ዓሣ የሞላበት ቪዲዮ ለማማለል የተቀረጸ ስለሆነ፣ «የአገራችንን ጣቢያ ክፈትልኝ» በሉ። ቲቪውም ለሱቅ በሚሆን ከፍተኛ ብርሃን ተስተካክሎ ይቆያልና ቤት ስትገቡ ወደ «ሆም» መልሱት፤ ዓይናችሁም መብራታችሁም ያርፋል።

የበሩን ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። የእኛ ቤት ቀኑን ሙሉ በሩ ክፍት ነው፤ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ብርሃን የሚገባው በበር ነው። ቲቪው ከበሩ ትይዩ ከቆመ ከሰዓት በኋላ የምታዩት ግቢያችሁን ነው፤ ዶሮው ሲያልፍ በመስታወቱ ላይ ያልፋል። ከበሩ ጎን ባለው ግድግዳ በኩል ካደረጋችሁት ግን መስታወቱ ንጹሕ ይሆናል፣ ከመንገድ የሚያልፍም ቤታችሁ ውስጥ ምን እንዳለ አያይም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማስብለት ልምጣ፤ ቡናው። ቡና ሲፈላ ክብ ሠርተን ነው የምንቀመጠው። ረከቦቱ መካከል ነው፣ ፊት ለፊት እንተያያለን፣ ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ቲቪው ከረከቦቱ በላይ ያለውን ግድግዳ ከያዘ ክቡ ይፈርሳል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ቡና የምታፈላዋ ደግሞ ጀርባዋን ለቲቪው ወይም ለሰው መስጠት ግድ ይሆንባታል። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ወሬው የሚያልቅበት ቤት ሆኗል። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አያ ሲነግሩኝ «ልጄ፣ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን እንኳ ዓይናችን ወደዚያ ነበር» አሉኝ። ቲቪውን ወደ ሌላው ግድግዳ ማዞር ምንም ወጪ የለውም። የምትገዙት 43ም ይሁን 65፣ የቡናውን ቦታ አትስጡት።

ከፍታውንም ልብ በሉ። መደብ ወይም በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከመሬት 1 ሜትር አካባቢ ነው፤ የቲቪው መካከል እዚያ ቢሆን አንገት አይታመምም። ከረጅም ቡፌ አናት ላይ መስቀል ይቅር። የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ብራኬት ከሆነ የምትመቱት፣ ጭቃውንና ጭዱን ሳይሆን ውስጥ የቆመውን የባሕር ዛፍ ማገር ወይም ቋሚ ፈልጋችሁ ነው። በጣት ቋ ቋ ሲደረግ ድምፁ ይለያል። የማይተማመን ሰው ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ከጀርባው በገመድ ከግድግዳው ጋር ይሰረው፤ ልጅ ጎትቶ በራሱ ላይ እንዳይጥለው።

መብራቱን በተመለከተ ስለ ክፍያው የሚሰጋ ብዙ ነው፤ ስጋቱ ግን ቦታውን ስቷል። 43 ኢንች ኤልኢዲ ከ100 ዋት በታች ነው የሚበላው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ የስታብላይዘሩ ቁጥር ከ220 ቁልቁል ሲወርድ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። የአሁን ቲቪ መውረዱን በአብዛኛው ይችለዋል፤ ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለ ማለቴ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሆኖ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ሶኬታችን ላይ በቀጥታ አትሰኩት። ቲቪ የሚገድለው የጠፋው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጥረው ግፊት ነው። መብራት እንደጠፋ ንቀሉ፣ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ስታብላይዘር ስትገዙ ይህን ጥበቃ በራሱ የሚያደርገውን፣ ግፊት ሲበዛም የሚቆርጠውን ምረጡ። መስመር ያልደረሰበት ገጠር ላላችሁ ደግሞ በ12 ቮልት የሚሠራ 32 ኢንች አለ፤ ከሶላር ባትሪ በቀጥታ ይሠራል፤ የከተማውን 55 ወስዶ ኢንቨርተር ላይ መስቀል ባትሪውን በአንድ ማታ ያደርቃል።

«ስማርት ይሁን?» ለሚለው፣ በዋጋ ብዙ ካልራቀ ይሁን። ለእሱ ብላችሁ ግን ብዙ አትጨምሩ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ስማርት የተባለው ሁሉ ከሳህንና ከፍላሽ ሌላ የሚያየው አልነበረም። ኦኤልኢዲ የሚባለውን ውዱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ከፍቶ ለሚውል ቤት አልመክርም፤ ከሥር የሚሮጠው ዜናና ጥግ ላይ የሚቆመው ምልክት ከጊዜ ብዛት ጠባሳ ይተውበታል።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ እስክታነቡት ይለወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፣ ቲቪ ደግሞ ከነመለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ጋራንቲውም ስንጥቅን አይሸፍንም። ለዚህ ነው ጉዞው የሚያሳስበኝ። ከባሕር ዳር መራዊ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላላችሁ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ካርቶኑን አታስተኙት፣ እንደቆመ ይጓዝ፤ ላዩ ላይ ጆንያ አይጫንበት። ከሱቁ ሳትወጡ አስከፍታችሁ፣ ነጭና ጥቁር ምስል አስደርጋችሁ የሞተ ነጥብ ወይም ጥላ እንደሌለበት እዩ፤ ደረሰኙን ተቀበሉ። ካርቶኑንና ፎሙን ለማገዶ አትስጡ፣ ቤት ስትቀይሩ ይፈለጋል።

ከውጭ ሆናችሁ ለእናታችሁ ልትገዙ የምታስቡ እህቶቼ፣ ዛሬ ማታ ስትደውሉ እማዬ ስልኩን ይዘው ቤቱን ዞር ዞር አድርገው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው። መደቡ፣ በሩ፣ ሶኬቱና ረከቦቱ የት እንደሆኑ ተመልከቱና ጻፉልኝ፤ ከመደቡ እስከ ትይዩው ግድግዳ ስንት እርምጃ እንደሆነም ጨምሩበት። ስለ ኢንቹ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።