ለእርዳታ ነው ወይስ ለሰፈራ?

አዲስ አበባ ውስጥ ደብተር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ያው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ውሻ ታስሮለት ይገባል፣ ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። ሰቆጣ ግን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስሞነጫጭር፣ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «ልጄ፣ የምትጽፈው ለእርዳታ ነው ወይስ ለሰፈራ?» አሉኝ። ለራሴ ነው ብላቸው አላመኑኝም። እንዴትስ ይመኑኝ? እዚህ ስም የጻፈ ሁሉ ወይ እህል አምጥቷል፣ ወይ ሰው ወስዷል።

ከተማዋ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ከ2200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በአሞሌ ጨው ዘመን ገበያዋ ስመ ጥር ነበር፤ ዛሬ ማሯ ይወራላታል። ማሩን ስቀምስ ሸገር ላይ ስንት ዓመት ስኳር ስልስ እንደኖርኩ ገባኝ። ሰዉ በአማርኛ ሲያጫውተኝ ይቆይና ወደ ጓደኛው ዞሮ በኽምጣና፣ በዚህ በዋግ አካባቢ አገዎች ቋንቋ፣ ይቀጥላል። እኔ በገዛ አገሬ እንደ ፈረንጅ ፈገግ ብዬ እጠብቃለሁ።

ሽማግሌው ግን ለእኔ ሲሉ አማርኛቸውን አልተዉም። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ እንደ ትናንት ያስታውሱታል። በየ20 ጋሻው የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ገበሬው ሊቀመንበሩን መረጠ፣ መሬት ተከፋፈለ፣ የራሱን ፍርድ ሸንጎ አቆመ። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ቀበሌ ሲባል ስኳርና ዘይት ነው ትዝ የሚለን። ለእሳቸው ግን ማኅበሩ ጭሰኛ የነበረ ሰው መጀመሪያ እጁን አውጥቶ የተናገረበት ቦታ ነው።

አሥር ዓመት ሳይሞላ ያው ማኅበር ሌላ ሥራ ተሰጠው። የ1977 ረሃብ የዋግን ሰው ወደ ኮረም ሰደደው፤ የቢቢሲ ካሜራ ጥቅምት 13 ቀን ለዓለም ያሳየውም የኮረምን ሜዳ ነው። መንግሥት መፍትሔው ሰፈራ ነው አለ። 600 ሺህ ገደማ ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተጓዘ። ወዶ የሄደ ነበር፤ እህል ሊቀበል መጥቶ ከነከረጢቱ መኪና ላይ የተጫነም ነበር። ኮታው ለገበሬ ማኅበራቱ ወረደ፤ ራሱ የመረጠው ሊቀመንበር የጎረቤቱን ስም ጻፈ። ይህን በአደባባይ የነቀፈው የፈረንሳዩ «ድንበር የለሽ ሐኪሞች»፣ ጦርነት ሆነ ረሃብ ሳይል በየአገሩ የሚያክመው ድርጅት፣ በ1978 ከአገር ተባረረ።

«ያኔ ምን አደረጋችሁ አባባ?» አልኩ።

«ምን እናደርጋለን? ቀን ማኅበር፣ ማታ ዱር!»

ዱር ያሉት ኢሕዴንን ነው። ኅዳር 11 ቀን 1973 እዚሁ ዋግ ውስጥ፣ ከኢሕአፓ በተለዩ ታጋዮች የተመሠረተ ንቅናቄ ነው። ገበሬውን ወደ እነሱ የወሰደው ርዕዮተ ዓለም ነው የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን የሰፈራው የጭነት መኪና ብዙ ቀስቅሶላቸዋል ባይ ነኝ። ኢሕዴን ኋላ ብአዴን፣ ቀጥሎ አዴፓ ተባለ፣ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ። የሰቆጣ መንገድ እንደ ፓርቲው ስም ቶሎ ቶሎ ቢታደስ ኖሮ ወገቤ ባልተንቀጠቀጠ!

ወጣቱ አሁንም ይሰደዳል፤ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማና ሁመራ፣ የባሰበት በየመን አድርጎ ሳዑዲ። አንድ ከመተማ የተመለሰ ልጅ ስለ ካቦ አጫወተኝ። ካቦ ማለት የአጫጆቹ አለቃ ነው፤ ስለ ሁሉም ሆኖ ከባለሀብቱ ጋር የሚከራከር። «ዋጋ ሳይቆረጥ ማጭድ አናነሳም» አለኝ። አዲስ አበባ ቢሮ ያለው የሠራተኛ ማኅበር ይህን ያህል ደፍሮ ሲናገር የሰማሁ አይመስለኝም።

የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ከዋግ ወረዳዎች፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ፣ ሰው በአሥር ሺዎች አፈናቀለ፤ ወለህ የተባለው መጠለያ የሞላው በእነሱ ነው። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ቢፈረምም ወዲያው ወደ ቤቱ የገባ ጥቂት ነው። ከአበርገሌ የመጣ አንድ ገበሬ ሻይ ጋበዝኩት። ወደ ስብሰባ እየሄደ ነው። ስለ ዘር፣ ስለ ዱቄት ይሆናል ብዬ ስጠይቀው አጀንዳው ፍየል ሆኖ አረፈው።

«ሰው ሰው ብቻ እየተጻፈ እንዴት ይሆናል? ስንመለስ በምን ልንቋቋም ነው? የጠፋው ፍየልም ይጻፍ እንላለን።»

አበርገሌ እኮ በፍየል ዝርያው የታወቀ ነው፤ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ያንተስ ስንት ነበሩ አልኩት። «አሥራ ሁለት» አለ። አብሮት የመጣው ጎረቤቱ ሻዩን አስቀምጦ «ስምንት!» አለና ክርክሩ በኽምጣና ቀጠለ።