«ክሪክ» አለን፣ «እባክዎ» የለንም!

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዳችሁ ወረታ ትቀበላችኋለች፡፡ ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፡፡ ጉማራና ርብ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሞሉ የሚያለብሱት ጥቁር አፈር፣ የሩዝ ማሳ፣ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎሩ ላሞች... ዓይን አይጠግብም፡፡ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚታጠፈው መንገድም የሚነሳው ከዚሁ ነው፡፡

እኛ ግን ወረታን ያየናት ወደን አይደለም፡፡ የሚኒባሳችን ጎማ ተንፍሶ ነው!

ጎሚስታው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፡፡ «ክሪኩን አምጣ! ካቻቢቴው የት ገባ? ፒንሳውስ?» እያሉ ረዳታቸውን ያዋክባሉ፡፡ አጠገባቸው ልጃቸው ደብተር ይዛ ተቀምጣለች፡፡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮም ወዳለችው አክስቷ ልትሄድ ነው፡፡ አንዲት አሮጊት ልትጦር ሥራ ተገኝቶላታል፡፡

«አባባ፣ ጣሊያንኛ እችላለሁ ትለኝ አልነበር? ‹እባክዎ ይርዱኝ› እንዴት ነው የሚባለው?» አለቻቸው፡፡

አባት ፍሬን አሉ፣ ባሌስትራ አሉ፣ ኩሽኔታ አሉ፡፡ ከዚያ ዝም አሉ፡፡ «እሱን ሳይነግሩን ሄዱ ልጄ!» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፡፡ እሷ ግን አልሳቀችም፡፡ «መንገድ ቢጠፋኝስ? አሮጊቷ ቢታመሙብኝስ?» አለች፡፡

እውነቷን ነው፡፡ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ ሳለ ይሰማ የነበረው የትእዛዝ ቋንቋ ነው፡፡ የጎንደሩ የመጨረሻ ጦሩም እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፡፡ በመንገድ ሥራና በጋራዥ የገቡት የዕቃ ስሞች ቀሩልን፤ የትሕትናው ቃል ግን አልቀረልንም፡፡

እኔም አዲስ አበባ የለቃቀምኳትን ጣሊያንኛ ይዤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፡፡ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ እናንተም ያዙልኝ፡፡

አንደኛ፣ ሰው ስታስቆሙ በ«ስኩዚ» ጀምሩ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» እንደ ማለት ነው፡፡ ለእኩያ ሲሆን «ስኩዛ» ይሆናል፡፡

ሁለተኛ፣ «ሚ ፑዎ አዩታሬ፣ ፔር ፋቮሬ?» በሉ፡፡ «እባክዎ፣ ሊረዱኝ ይችላሉ?» ማለት ነው፡፡ ይበልጥ ለማለስለስ «ፖትሬቤ አዩታርሚ?» አለላችሁ፡፡

ሦስተኛ፣ ጣሊያኖችም አንተና አንቱ አላቸው፡፡ ለአንተ «ቱ»፣ ለአንቱ «ሌይ» ይላሉ፡፡ «ሌይ» ደግሞ «እሷ» ማለትም ነው፡፡ አይግረማችሁ! እኛስ ለአንተ «ና» ብለን፣ ለእርስዎ ስለ ሌላ ሰው እንደምናወራ «ይምጡ» እንል የለ? የሚገርመው፣ ፋሺስቶች እኛን በወረሩበት ዘመን፣ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ የገዛ ሕዝባቸውንም «ሌይ» ማለት ተዉ ብለውት ነበር፡፡ እነሱ ሲወድቁ ግን ቃሉ ተመለሰ፡፡

አራተኛ፣ «አዩቶ!» የሚባለው እንደኛ «ኧረ የሰው ያለህ!» ነው፡፡ አሮጊቷ ቢወድቁ ጩኹበት፤ ሻንጣ ለማስያዝ ግን አይሆንም፡፡

አምስተኛ፣ «ቻው» እኛ ዘንድ መሰናበቻ ብቻ ናት፤ እነሱ ሲገናኙም ይሏታል፡፡ ግን የቅርብ ሰው ቃል ናትና ለማታውቁት ትልቅ ሰው አትበሏት፡፡ ሲረዷችሁ «ግራትሴ» በሉ፡፡ መልሱ «ፕሬጎ» ነው፡፡

ልጅቷ ሁሉንም በፊደል ጻፈች፡፡ ደጋግማ አለችው፡፡ አሥረኛው ላይ ድምጿ መንቀጥቀጡን ተወ፡፡ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ? እርዳታ መለመን አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው አለማመኑን አለማወቅ ነው፡፡

ጎማችን ተሠርቶ ልንነሳ ስንል ጎሚስታው ረዳታቸውን ተጣሩ፡፡ «ስኩዛ! ክሪኩን አንሳልኝ፣ ፔር ፋቮሬ!»

ልጁ ግራ ገብቶት መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ይፈልግ ጀመር፡፡ «ፔር ፋቮሬ» የምትባል ዕቃ መስላው!

ልጅቷ ያን ጊዜ ሳቀች፡፡