ናዝሬት ወራጅ አለ

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራውን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ አዲስ አበባ መናኸሪያ ደረስኩና ረዳቱን «የናዝሬት ነው?» አልኩት። «ናዝሬት እስራኤል ነው ጋሼ፤ ይሄ የአዳማ ነው» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ልክ ነው። ከተማዋን በገሊላዋ ናዝሬት የሰየሟት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ አዳማ የሚለው የጥንት ስሟ በይፋ ከተመለሰላትም ሃያ ዓመት አልፎታል። ለአፌ ግን የነገረው የለም። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ፓርኩ መስከረም 2011 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ልጅቷ እዚያ ከመቀጠሯ በፊት በእናቷ የእግር መኪና ትሰፋ ነበር። የእግር መኪና ተረከዝና ጣት እያፈራረቁ ካልወዘወዙት አይሄድም። የፋብሪካው በሞተር ነው፤ ፔዳሉን በጣት ሲጫኑት ይሮጣል፣ በተረከዝ ሲጫኑት ክሩን ይቆርጣል።

«ኮሌታው መሀል ስደርስ እግሬ ሳላዘው ተረከዙን ይጥላል፤ ቀጭ! ክሩ የለም። መርፌ ይዘው የማያውቁ ልጆች ቀደሙኝ እኮ፣ አጎቴ!»

የእኔንም ጉድ የፈታችው ይቺ ናት። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ቃላት እየሸመደደ ራሱን ሲፈትን ከርሞ በ1885 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን ሲያወጣ፣ የሸመደደው አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚጠፋ አሳየ። የሚያስረሳን ጊዜ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም። በ1957 ግን አሜሪካዊው ቤንተን አንደርውድ የቀደሙትን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። አስቀድመው ብዙ ዝርዝር የሸመደዱት ሰዎች በማግሥቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ሲረሱ፣ አንድ ዝርዝር ብቻ ያጠኑት የረሱት ሩብ ገደማ ነው። አዲሱን የሚያሰናክለው በአመዛኙ ቀድሞ የገባው ነው ማለት ነው። ምስኪኑ ኤቢንግሃውስ ስንት ዝርዝር ጭንቅላቱ ውስጥ አጭቆ እንደነበር አስቡት!

እኔም ለአፌ ጠበቃ አገኘሁ። ያረጀሁት እኔ ሳልሆን ቀድሞ የገባው ስም ነው።

«አሁንስ ለመድሽ?» አልኳት።

«ለመድኩ። የእማዬን መኪና ነው አሁን ያቃተኝ።»

ረዳቱ? እኔን አርሞ ሳይጨርስ ወደ በሩ ዞሮ «ናዝሬት! ናዝሬት! የሞላ!» ይል ነበር።