የሰንጢ ነገር

ሰንጢ ትንሽ ዕቃ ነው። ከመሀረብና ከሳንቲም ጋር ተደባልቆ ኪስ ውስጥ ይውላል፤ የሚታወሰው ሲፈለግ ብቻ ነው። ስለ እሱ ድርሰት መጻፍ አንዳንዱን አንባቢ ያስቀው ይሆናል። ይሳቅ! እኔ ግን ሰው ስለ ጥቅምና ስለ መልክ ያለውን አስተያየት ለማወቅ ሰንጢ ሲገዛ ቆሞ ማየት ብዙ መጽሐፍ ከማገላበጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ደብረ ብርሃን ገበያ ላስቲክ ላይ ተዘርግተው የሚሸጡት ሰንጢዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጀርባው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የወጣለት፣ እጀታው ላይ የራስ ቅል ወይም የነብር ሥዕል ያለበት፣ ቁልፉን ሲጫኑት ቿ ብሎ የሚከፈት ነው። ሁለተኛው አንድ ስለት፣ አንድ ሞላ፣ የእንጨት ወይም የቀንድ እጀታ፤ በቃ። ጎረምሳው እጁን ወደ መጀመሪያው ይሰዳል። ገበሬው ሁለተኛውን ያነሳል። ለምን?

አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ሲመርጡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። በርኖሳቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ቁጢጥ አሉ። ሰንጢውን ቀስ ብለው ከፈቱና ስለቱን ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዙት፤ ይላላ እንደሆን ለማየት ነው። መልሰው ሲዘጉት ጆሯቸውን አስጠጉ፤ የሞላውን ድምፅ ለመስማት ነው። ቀጥለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በስለቱ ላይ እንደ ተኳሽ አነጣጠሩበት፤ ቀጥ ማለቱን ሊያዩ። በመጨረሻ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አሳረፉት። ካንሸራተተ ዱልዱም ነው፤ ያዝ ካደረገ ስል ነው። ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ መቼም ዝም ማለት አልችልምና፣

«አባባ፣ ይሄኛው አያምርም?» ብዬ ጥቁሩን አሳየኋቸው።

«ማማሩንስ ያምራል ልጄ። ለማን ነው የሚያምረው? በጉ አይቶት አይታረድ፣ ገመዱ አይቶት አይበጠስ!» አሉኝ።

ነገሩን እንመርምረው ከተባለ፣ የአዛውንቱ ፈተና እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው። መቁረጥ ማለት የእጅን ኃይል በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ማከማቸት ነው። ስለቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ሳይሆን ከጠርዙ በላይም ቀጭን ካልሆነ አይቆርጥም፤ ይሰነጥቃል። ድንች ሲላጥ ይታወቃል። ወፍራሙና አስፈሪው ሰንጢ ድንቹን ለሁለት ይገምሰዋል፣ ቀጭኑ ልጣጩን እንደ ወረቀት ያነሳዋል። ጀርባው ላይ የወጣው ጥርስ ደግሞ ምንም አይጋዝም። ይልቁንም አውራ ጣት ተደግፎ የሚጫንበትን ቦታ ስለሚይዝ የሚነክሰው ባለቤቱን ነው። ጥቁሩ ቀለም መሳያ ድንጋይ እንደነካው ይላጣል። ቿ አድርጎ የሚከፍተው ሞላ የኪስ አቧራና የእንጀራ ፍርፋሪ ሲገባበት ይነክሳል፤ ሲሰበር የሚጠግነው የለም። ዕቃው በበዛ ቁጥር የሚበላሸው ይበዛል።

የብረቱም ነገር አለ። ርካሹ የሚያብለጨልጭ ብረት ዝገት አይነካውም፤ እውነት ነው። ስለት ግን አይበረክትለትም። ዛሬ ቢሞርዱት ነገ ዱልዱም ነው። ተራው አረብ ብረት ሎሚ ሲቆረጥበት ይጠቁራል፣ እርጥብ ከተተወ ይዝጋል፤ ነገር ግን ከበረሳ ወንዝ በተለቀመ ለስላሳ ድንጋይ ጥቂት ጊዜ ቢስሉት ጸጉር ይላጫል። እንክብካቤው ጠርጎ ጠብታ ዘይት መቀባት ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለዕቃም ሁሉ ይሠራል።

ደብረ ብርሃን ደግሞ የራሷ ፈተና አላት። ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው ጣት ይደነዝዛል። በዚያን ሰዓት ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ እጀታ ከኪስ ሲወጣ እጅ ያቃጥላል፤ እንጨትና ቀንድ ግን ብርድ አይዙም። የሞላው ጥንካሬም እዚህ ላይ ይለያል። ከመጠን በላይ የጠነከረ እንደሆን የደነዘዘ ጥፍር አይከፍተውም፣ የላላ እንደሆን ኪስ ውስጥ ራሱን ከፍቶ ይጠብቅሃል። ስለዚህ የመንዝና የተጉለት ሰው ከሰንጢ የሚፈልገውን ሊነግርህ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልገውም፤ ብርዱ አስተምሮታል።

የሚገርመው ነገር በሩቅ አገር ያሉ ሰንጢ ወዳዶችም ብዙዎቹ ከእኚህ አዛውንት ጋር መስማማታቸው ነው። ዮሴፍ ኦፒኔል የሚባል ፈረንሳዊ በሳቮይ ተራሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1890፣ ለገበሬና ለእረኛ የሚሆን ሰንጢ ሠራ። ክብ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ቀጭን ስለት፣ አንድ ችንካር። እ.ኤ.አ. በ1955 ስለቱ በሥራ ላይ እንዳይታጠፍ የሚያግድ ቀለበት ተጨመረበት እንጂ መልኩ እስካሁን ያው ነው። ስዊሱ ካርል ኤልሰነር እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ጦር ሠራዊት ሰንጢ አስረከበ። ሰንጢው ታዲያ ለመዋጊያ አልነበረም። ቆርቆሮ መክፈቻና ብሎን መፍቻ ያለው፣ ወታደሩ ምግቡን የሚከፍትበትና ጠመንጃውን የሚፈታበት ነበር። ኦካፒ የሚባለውን ሰንጢ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1902 ዞሊንገን ከተማ መሥራት የጀመሩት በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሊሸጡት ነበር። ዛሬ ጀርመን አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ የሚሠራው ደቡብ አፍሪካ ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ የሠሩት ቅኝ ገዢዎች ሲሄዱ እሱ ግን በአፍሪካውያን እጅ ቀረ፤ ስለሚቆርጥ ነው የቀረው።

እነዚህ ወዳጆች አንድ ሌላ ጠባይም አላቸው። ከአዲሱ ይልቅ ያገለገለውን ያከብራሉ። ደጋግሞ ከመሳል የተነሳ የሳሳ ስለት፣ ከእጅ ላብ የጠቆረ እንጨት ለእነሱ ጉድለት ሳይሆን ምስክር ነው። የገበሬያችን ማጭድም እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ አጨዳ እየሳሳ ሄዶ ጨረቃ ሲመስል፣ ያኔ ነው «እጄን ለመደ» የሚባለው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ሰንጢ ሲባል ጠብ የሚታያቸው አሉ፤ አይፈረድባቸውም። ግን ልዩነቱን እንወቅ። ተራው ባለ ሞላ ሰንጢ በጣም መጥፎ የጦር መሣሪያ ነው። መቆለፊያ ስለሌለው የወጋበት ሰው ስለቱ ታጥፎ የራሱን ጣት ይቆርጠዋል። ወደ ታች ተጭኖ ለመቁረጥ ብቻ የተሠራ ዕቃ ነውና። ለማስፈራራት ተብሎ የሚሠራው ያ ጥርስና የራስ ቅል ያለበት ነው። እንግዲህ መልክን ከጥቅም ማስቀደም እዚህ ላይ የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይሆንም። ያኛው የሚገዛው ሌላው ሰው እንዲያየው ነው፤ ይኸኛው ግን ኪስ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ሞያ በልብ ነው ማለት ይሄ አይደል?

ወደ አንኮበር እንውጣ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጋው እዚያ ያበቃና መሬቱ ወደ አልዩ አምባና ወደ ቆላው ይወርዳል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከባሕር የሚመጣ ብዙ ዕቃ ሸዋ የሚገባው በዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክተኛ ሆኖ ሲመጣ ካቀረበው ስጦታ መካከል ምንጣፍ ነበረ፣ የካሽሚር ሻል ነበረ፤ 300 ጠመንጃም ነበረ። የንጉሡን ልብ የሞላው የትኛው እንደሆነ ሃሪስ ራሱ ጽፎታል፤ ጠመንጃው ነው። ንጉሡ ግን ጠመንጃ ከፈረንጅ የሚቀበሉ ብቻ አልነበሩም፤ በቤተ መንግሥታቸው ባለእጆችን ሰብስበው ያሠሩ ነበር።

በአንኮበር የጥቅም ዕቃ ሌላም ባለቤት ነበረው፤ የብራና ጸሐፊው። መቃውን ቀርጾ ብርዕ የሚያደርገው በትንሽ ካራ ነው፤ የተሳሳተውን ፊደል ከብራናው ላይ የሚፍቀውም በካራ ነው። ጫፉ ዱልዱም ከሆነ ብርዑ ይሰነጠቃል፣ ብርዑ ከተሰነጠቀ ፊደሉ ይዝረከረካል። ያማረው የብራና መጽሐፍ እንግዲህ የሚጀምረው ማንም ከማያየው ከዚያ ካራ ነው።

ካራውን የሠራው ማን ነው? እዚህ ጥያቄ ላይ ስንደርስ ብዙ ሰው ወሬ ይለውጣል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን፣ ካራውን የሠራው ባለእጅ ነው። እሱን ደግሞ ስንት ዘመን «ቡዳ» ስንለው ኖርን! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕቃውን በጥቅሙ እንመዝናለን፤ ሠሪውን በዘሩ። ሰንጢ ስንገዛ ጠቢባን ነን፤ ሰው ስንመርጥ ግን እንደዚያ ጎረምሳ እጀታ እናያለን።

ከደብረ ብርሃን እልፍ ብላ በምትገኘው አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት፣ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. አንድ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ የሚጽፈውንም ሳይቀር በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ነበር። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን አልሞተም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይኖራል። ጋብቻ ሲታሰብ ብቅ ይላል፤ ሽማግሌ ሊላክ ሲባል «ዘራቸው ግን...» ተብሎ በሹክሹክታ ይጀመራል።

ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። የእናቴ አባት ባለእጅ ነበሩ። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ገዝተው፣ በወናፍ አግለው፣ ቀጥቅጠው ካራና ማጭድ ያወጡ ነበር። «ፌሮ አታምጡብኝ» ይሉ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የባሌስትራ ብረት ከመቶ ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን አለው፤ ስለዚህ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ፌሮ ካርቦኑ ከዚያ በብዙ ስለሚያንስ ያን ያህል አይጠነክርም። እሳቸው ካርቦን የሚለውን ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ብረቱን ግን ያውቁታል። ነክረው ካወጡት በኋላ እንደ ብርጭቆ እንዳይሰበር መልሰው በስሱ ያሞቁትና ቀለሙ ወደ ገለባ መልክ ሲመጣ ያቆሙታል። ብረቱ ሲግል የሚያወጣውን ቀለም ለመለየት ደግሞ ምድጃቸውን ጨለማ ጥግ ላይ ነበር የሠሩት።

ጎረቤት ማረሻውን ይዞ ይመጣል፤ አስቀጥቅጦ፣ አመስግኖ፣ ጠላችንን ሳይቀምስ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ሰዎቹ ጠላ የማይጠጡ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስነሳ እናቴ ሻንጣዬን እያሰረች «አያቱ ምን ይሠሩ ነበር ቢሉህ፣ ገበሬ ነበሩ በል» አለችኝ። እውነት ነው፣ ያርሱም ነበር። እናቴን አልወቅሳትም፤ ልጇን ከብርድ እንደምትጋርድ ነው የጋረደችኝ። እኔ ግን ይኸው በጽሑፍ አስቀምጫለሁ፤ አያቴ ባለእጅ ነበሩ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ሰንጢም የእሳቸው ሥራ ነው። ድሮ ከውጭ የመጣ ሰንጢ ነበር። ስለቱ ሲሰበር ከባሌስትራ ቁራጭ ሌላ ስለት አወጡለት፤ እጀታው ሲሰነጠቅ የበሬ ቀንድ አለበሱት። ከመጀመሪያው ሰንጢ የቀረው ሞላው ብቻ ነው። አያምርም። የመዶሻው ምልክት ስለቱ ላይ አለ፤ ቀንዱም ከአንድ ወገን ወፈር ይላል። ግን ዳቦ ይቆርጣል፣ እርሳስ ይቀርጻል፣ እሾህ ያወጣል። ዶርም ውስጥ ብርቱካን የተገዛ ዕለት በየአልጋው የሚዞረው እሱ ነው፤ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ አይቶ ተቃውሞኛል። «አንተ ውበት ጠላህ እንዴ? መስቀሉ ሐረግ ባይኖረው፣ ጥልፉ ባይኖር፣ ሕይወት ምን ይሆናል?» አለኝ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። እኔም ውበትን አልጠላሁም። የምለው ውበት ተራውን ይጠብቅ ነው። ቀድሞ ይቁረጥ፤ ከዚያ ሐረግ ይሳልበት። ደግሞስ ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ዕቃ ሳይፈልግ ያምራል። ለወታደር ተብሎ የተጀመረው የስዊስ ሰንጢ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብቷል። የሠሩት ሰዎች ግን ያሰቡት ስለ ቆርቆሮና ስለ ብሎን ነበር።

እኛ ተማሪዎች ነገ ሰው እንቀጥራለን፣ ሰው እናገባለን፣ ሰው እንሾማለን። ያኔ ቢያንስ እኚያ ባለ በርኖስ አዛውንት ሰንጢውን የፈተኑትን ያህል ሰውን እንፈትን። ይላላል ወይስ ይጸናል? ዛሬ ተስሎ ነገ ይዶለዱማል? ቀለሙንና ዘሩን ለሻጩ እንተውለት። የሰው ዘር ሲጠየቅ ከሰማንም «ምን ይሠራል?» ብለን መልሰን እንጠይቅ። የተሠራልን ማረሻ ካረሰልን፣ የሠራውን ሰው ጠላ መቅመስ እንዴት ያቅተናል?