ደብረ ብርሃን፣ ከሞላሌ ሲያዩዋት

1.
ሞላሌ ላይ ደብረ ብርሃንን የማያማ ሽማግሌ አላገኘሁም። ውርጩ፣ ኪራዩ፣ ደላላው። በጣርማ በር በኩል ወደዚያው የሚያልፈው የጠዋት መኪና ግን ሞልቶ ነው የሚነሣ። ጋቢናውን ቀድመው የሚይዙት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው።

2.
የከተማዋ አመሠራረት ሲወራ «ብርሃን ወረደ» ይባላል። ጊዜው 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ንጉሡ ዘርዐ ያዕቆብ። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግረው በሞቱበት ቦታ መሆኑ ግን ይዘለላል። መነኮሳት ነበሩ፤ ጥፋታቸው አንሰግድም ማለት። ንጉሡ ብርሃኑን ፍርዱ ትክክል ለመሆኑ ምስክር አድርጎ ወሰደው። የታሪክ ሰዎች በአውሮፓውያን 1456 ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ጌታቸው ኃይሌ የመነኮሳቱን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሰው ሲያሳትሙ ርእሱ ላይ «በሕግ አምላክ» ብለው ጻፉ።

ሥላሴ ደጅ ላይ አንድ ወጣት የብርሃኑን ታሪክ አሳምሮ ነገረኝ። ስለ ድንጋዩ ጠየቅሁት። «የምን ድንጋይ?»

3.
ዘርዐ ያዕቆብ ከድንኳን ኑሮ ወጥቶ እዚያ ተቀመጠ፤ በ1460 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ልጁ በእደ ማርያም ድንኳኑን ጠቅልሎ ሄደ። ምኒልክ እዚያው አጠገብ አንጎለላ ተወለዱ፤ ከተማ የቆረቆሩት ግን ሌላ ቦታ ነው። የነገሥታት ከተማ መባሏን አልቃወምም።

4.
ሞላሌ ያለችበት መንዝ የባናና የዝተት አገር ነው። የበጉን ጠጉር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ለረጅም ዘመን ስሟ የተጠራው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው።

ገበያ ላይ ባና የዘረጉ እናት «ይኼን የመሰለ ሙቀት የትም የለ» አሉኝ።
«ለልጅዎ ሰርግ ይኼንኑ ሰጡ?»
«ኧረ ምን በወጣት! አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ነው የገዛሁላት። የውጭ።»
«ባናውስ?»
«እሱማ የሚሸጥ ነው።»

5.
ቤት የሚከደንበት የጓሳ ሣር አያቶች ባወጡት ደንብ ተከልሎ የኖረ ነው። ዛሬ ሞላሌ ላይ በሣር ቤት መኖር ያሳፍራል፤ ጎጆ ወጪ ሁሉ ቆርቆሮ ይላል። ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ የሣር ጎጆ አየሁ። ጥብሱ እዚያ ሲበላ ዋጋው ይጨምራል።

6.
ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐበሻም ዳሽንም እዚያ ቢራ ይጠምቃሉ። አስተናጋጇ ጋቢ ደርባለች። «ቀዝቃዛ ነው ያልቀዘቀዘ?» አለችኝ። ያልቀዘቀዘ አልኩ። ጎረቤቴ ቀዝቃዛ አለ። ሁለቱንም ከአንድ ሣጥን አወጣች። እሱም አመስግኖ ጠጣ።

7.
ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በ2011 ዓ.ም. ነው። የርስት ነገር የሚያንገበግባቸው አንድ አባት «የአባቱን መሬት ትቶ ለደመወዝ የሚያድር ልጅ የለኝም» አሉኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ እዚያ ፋብሪካ የምታውቀው ሰው ይኖራል?»

8.
በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ ተወስዶ የሰፈረ ሰው ብዙ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙዎች ደብረ ብርሃን መጠለያ ገብተዋል። «አገራችሁ ነው» ይሏቸዋል። አከራይ ግን «የት ነው የምትሠራው?» ይላል፤ መልሱን ሰምቶ «ቤቱ ተይዟል» ይላል።

ከነሱ አንዱ መታወቂያ ሊያወጣ ሄደ። መጀመሪያ ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ እንዲያመጣ ተነገረው።